የፍሬን ዘይት ሲገዛ ከብራንዱ ስም በፊት የሚነበበው

የፍሬን ዘይት ብለን የምንጠራው ነገር ዘይት አይደለም። ስሙ ከምን እንደመጣ መገመት አያዳግትም፤ በጣት ሲነካ ይንሸራተታል፣ ከሞተር ዘይትና ከመሪ ዘይት ጎንም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። ነገር ግን በአብዛኞቹ መኪናዎች ፍሬን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግላይኮል ኤተር ከሚባሉ ኬሚካሎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከዘይት በተቃራኒ ከውኃ ጋር በቀላሉ ይዋሃዳል። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቢጨመር ሟምቶ ይጠፋል፤ ዘይት ቢሆን ኖሮ ከላይ ይንሳፈፍ ነበር። ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት፤ ዳሩ ግን ስሙን አምኖ የጎደለውን የፍሬን ዘይት በሞተር ዘይት የሞላ ሰው በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች በሙሉ ያበላሻል። ቀለበቶቹ ከድፍድፍ ነዳጅ የተገኘ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይልፈሰፈሳሉ፣ ከዚያም ግፊት መያዝ ያቅታቸዋል። በዚህ መንገድ የተበላሸ ፍሬን ፈሳሹን በማስወጣት ብቻ አይድንም፤ የፍሬን ማስተሩን ጨምሮ ጎማ ያለበት ክፍል ሁሉ ይለወጣል።

እንግዲህ ወደ መለዋወጫ መደብር ገብቶ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ሦስተኛ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት መኪናው የሚፈልገው የፈሳሽ ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው በእጅ የተያዘው ዕቃ ያልተከፈተና ብዙ ያልቆየ መሆኑ ነው፤ የብራንዱ ስም የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፣ ሲመጣም ብዙዎቻችን ከምንገምተው ያነሰ ክብደት ይዞ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ፈሳሹ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚደክም ማየት ያስፈልጋል።

አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ማስተሩ ፈሳሹን ይገፋዋል። ፈሳሽ ሲጫኑት ስለማይታመቅ የእግሩ ኃይል በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ እስከ ጎማዎቹ ይደርስና የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ዲስክ ወይም ታምቡር ጋር ያጣብቀዋል። የመኪናው ፍጥነት በዚህ ፍትጊያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሙቀቱን መጠን ለመገመት ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ አንድ የቤት መኪና እናስብ። ቁልቁለቱ በከፍታ ሲለካ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ጋር 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ14 ሚሊዮን ጁል በላይ ሲሆን፣ ይህ ከ40 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ የሚወርድ አሽከርካሪ የዚህን ሙቀት ትልቅ ክፍል ሞተሩ እንዲሸከመው ያደርጋል፤ ማርሹን ነፃ አድርጎ ነዳጅ ልቆጥብ የሚል ግን አየሩ ከሚገታው በቀር ሁሉንም በፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

ሸራውን ያጋለው ሙቀት ሸራውን በሚገፋው ፒስተን በኩል ወደ ፈሳሹ ይተላለፋል። ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታመቃል፤ ስለዚህ የእግሩ ጉልበት ሸራውን በመጫን ፈንታ እንፋሎቱን በማመቅ ያልቃል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ፔዳሉ እንደተረገጠ አይደለም፤ ያን ጊዜ ያለው ከፍተኛ ግፊት ፈሳሹ እንዳይፈላ ይጠብቀዋልና። አሽከርካሪው እግሩን ሲያነሣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የጋለው ፈሳሽ ይፈላል፣ በሚቀጥለው ርግጫ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከደቂቃ በፊት በደንብ ይይዝ የነበረ ፍሬን ድንገት ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በአማርኛ ለእንዲህ ያለው አደጋ ሁሉ ያለን አባባል አንድ ነው፤ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። አባባሉ የተቆረጠ ነገር እንዳለ ያስመስላል፤ ፈሳሹ ፈልቶ በሆነ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል፤ ቱቦውን የሚመረምር መካኒክም ጤነኛ ቱቦ ያገኛል። «ምንም አልተገኘበትም» የተባለለት መኪና በሚቀጥለው ቁልቁለት ያንኑ ሊደግም የሚችለው፣ ችግሩ ከብረቱ ሳይሆን ከፈሳሹ ስለነበረ ነው።

አዲስ የፍሬን ዘይት ለመፍላት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚያስፈልገው በቀላሉ እዚህ ደረጃ አይደርስም። የሚያደክመው ውኃ ነው። ግላይኮል ውኃ ወዳድ በመሆኑ የአየሩን እርጥበት በማጠራቀሚያው ክዳን በኩልና በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ አልፎ ጥቂት በጥቂት ይስባል። ይህ እንደ ጉድለት ቢታይም ጥቅምም አለው፤ የገባው ውኃ በፈሳሹ ሁሉ ተበትኖ ስለሚሟሟ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ብረቱን አያዝገውም። ዋጋው ግን ፈሳሹ የሚፈላበት ሙቀት መውረዱ ነው፤ መውረዱም እኩል በእኩል አይደለም፣ በመጀመሪያ የሚገባው ጥቂት ውኃ ከኋለኛው የበለጠ ይጎዳል።

በዚህ ምክንያት በፍሬን ዘይት መለያ ላይ ሁለት የመፍያ ነጥቦች ይጠቀሳሉ። አንዱ ደረቁ ነው፤ ገና ከዕቃው የወጣ አዲስ ፈሳሽ የሚፈላበት ማለት ነው። ሁለተኛው እርጥቡ ነው፤ በቤተ ሙከራ 3.7 በመቶ ገደማ ውኃ እንዲይዝ ከተደረገ በኋላ የሚፈላበት ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ዶት 3 የተባለው ደረጃ ቢያንስ ደረቁን 205፣ እርጥቡን 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሟላት አለበት፤ ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። ዶት የሚለው ቃል ራሱ የዚያ መሥሪያ ቤት ምኅጻረ ቃል እንጂ የብራንድ ስም አይደለም።

በእኔ ግምት አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ ወደ ትልቁ ቁጥር፣ ማለትም ወደ ደረቁ ይሄዳል። ደረቁ ቁጥር ግን ፈሳሹ መኪናው ውስጥ ከገባበት ዕለት ጀምሮ የሚቀንስ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ቁልቁለት ላይ የሚያወርደን ወደ እርጥቡ የተጠጋው ነው። ሁለት የዶት 4 ብራንዶች ቀርበውልን አንዱ ደረቁ 265 እርጥቡ 155፣ ሌላው ደረቁ 250 እርጥቡ 170 ቢሆን፣ ፈሳሹን በየጥቂት ወሩ ለማይለውጥ ሰው የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጁ ዕቃዎች ቁጥሩን በፋራናይት ያትማሉ። የዶት 3 ደረቅ ነጥብ የሆነው 205 ሴንቲግሬድ በፋራናይት 401 ነው፤ እርጥቡ 140 ደግሞ 284 ይሆናል። አንዱን ጠርሙስ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው፣ ሌላውን ከሱቅ የገዛው ሰው 401ን ከ230 ጋር አስተያይቶ የመጀመሪያውን ቢመርጥ፣ የተሻለ መስሎት ዝቅ ያለውን መረጠ ማለት ነው።

በደጋ ለምንኖር ደግሞ ትንሽ ቅናሽ ማሰብ ይገባል። በመለያው ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ወለል ባለው የአየር ግፊት ተሰልቶ የሚጻፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሽሮ የሠራ ሁሉ ባያውቀውም ኖሮበታል፤ የፍሬን ዘይትም እግር ከፔዳሉ በተነሣ ጊዜ እንዲሁ ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ይፈላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ይሁንና ያረጀ ዶት 3 ይዞ ጣርማ በርን ለሚወርድ ሰው ትንሹም ይቆጠራል።

ዶት 5 ከዶት 4 ቀጥሎ የሚመጣ የተሻለ ደረጃ ይመስላል፤ አይደለም። ከሲሊኮን የሚሠራ ፈጽሞ የተለየ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከሌሎቹ እንዲለይ በአሜሪካ ሕግ ሐምራዊ ቀለም አለው። ውኃ አይስብም፤ ነገር ግን የገባው ውኃ ስለማይሟሟበት ዝቅ ወዳለው ቦታ ወርዶ ይጠራቀማል፣ እዚያው ብረቱን ያዝጋል፣ ከፈላም የሚፈላው እንደ ተራ ውኃ በ100 ዲግሪ ነው። የአሜሪካ ጦር ለረጅም ጊዜ ቆመው ለሚቆዩ ተሽከርካሪዎች ሲጠቀምበት ኖሯል፤ ለዕለት ተዕለት መኪና ግን አይሆንም፣ ከግላይኮል ፈሳሽ ጋር ጨርሶ መቀላቀል የለበትም። ስያሜውን ይበልጥ የሚያወሳስበው ዶት 5.1 ነው፤ ቁጥሩ የዶት 5 ወንድም ቢያስመስለውም ግላይኮል ነው፣ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር መቀላቀልም ይችላል። ከነጥቧ በኋላ ያለችው አንዷ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ሌላ ኬሚካል መሆኑን ትናገራለች ማለት ነው፤ ይህን ስያሜ ያወጡት ሰዎች ትንሽ ቢያስቡበት ምን ነበረበት ያሰኛል።

ሦስቱ የግላይኮል ዓይነቶች መቀላቀል መቻላቸው አሻሻልን ብሎ ለመኩራራት አያበቃም። ባረጀ ዶት 3 ላይ አንድ ብርጭቆ ዶት 4 የጨመረ ሰው የሚያገኘው በመካከል ያለ ድብልቅ ነው። ከፍ ወዳለ ደረጃ መሄድ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ዶት 3 የተጻፈበት አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተወግዶ ዶት 4 ቢደረግለት የሚጎዳው ነገር የለም። የተገላቢጦሹ፣ ዶት 4 ለሚል መኪና ዶት 3 ማድረግ፣ አምራቹ ያሰበውን የደኅንነት ልክ መቀነስ ነው። የሚፈለገው ደረጃ ብዙውን ጊዜ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ታትሟል፤ የጃፓን መኪናዎች መጽሐፍ ላይ ቢ.ኤፍ 3 ወይም ቢ.ኤፍ 4 የሚል ሲገኝ፣ እነዚህ የአገሪቱ ደረጃዎች በቅደም ተከተል ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው።

አሁን ወደ ብራንዱ። በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉ የታወቁ ብራንዶች ልዩነት ጠባብ ነው፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት ብዙዎቹ ሻጮች ፈሳሹን ከመነሻው ራሳቸው አለመሥራታቸው ነው። ባስፍ የተባለው የጀርመን የኬሚካል ኩባንያ ለምሳሌ ሃይድራውላን በሚል ስም የፍሬን ፈሳሽ ሲያመርት ኖሯል፤ እንዲህ ካሉ ጥቂት ትልልቅ አምራቾች የወጣ ፈሳሽ በተለያየ ጠርሙስ፣ በተለያየ ዋጋ መደርደሪያ ላይ ሊገናኝ ይችላል። የመኪና አምራቾች በስማቸው የሚሸጡትም የታሸገ የሌላ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቦሽ፣ ካስትሮል፣ አቴ ወይም ቶዮታ ከሚሉት አንዱን መምረጥ፣ ደረጃው አንድ ከሆነና ዕቃው እውነተኛ ከሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ውሳኔ አይደለም።

ልዩነቱ የሚሰፋው ከደረጃው ዝቅተኛ ልክ ብዙ ርቀው በሚሄዱት ላይ ነው። የአቴ ታይፕ 200 ደረቁ 280 እርጥቡ 198 ዲግሪ ነው፤ ከዶት 4 ልክ በብዙ ይበልጣል። የሞቱል አር.ቢ.ኤፍ 600 ለእሽቅድምድም የተሠራ ሲሆን ደረቁ 312 ይደርሳል፤ የካስትሮል ኤስ.አር.ኤፍ ደግሞ እርጥቡ እንኳ 270 ነው፣ ማለትም ውኃ ከገባበት በኋላም ከአዲስ ዶት 5.1 ዝቅተኛ ልክ ይበልጣል። ታዲያ ሁላችንም ይህን ለምን አንገዛም ቢባል፣ አንዱ መልስ ዋጋው ነው፤ ሌላው ደግሞ የእሽቅድምድም ፈሳሽ የሚታሰበው ቶሎ ቶሎ ለሚለውጡ ሰዎች መሆኑ ነው። ተራ መኪና ላይ ጨምሮ ለአራት ዓመት መርሳት ገንዘቡን ሜዳ ላይ መበተን ነው፤ በዚያ ገንዘብ ተራ ዶት 4 ሁለት ሦስት ጊዜ ይለወጥ ነበር።

ከሙቀቱ ሌላ የፈሳሹ ቅጥነትም አለ። ኤ.ቢ.ኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) እና መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቁ ሥርዓቶች በጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ፈሳሹን በሰከንድ ውስጥ ደጋግመው ይገፋሉ፤ ፈሳሹ በብርድ ከወፈረ ይዘገያሉ። የዶት 4 ልክ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እስከ 1,800 ሴንቲስቶክስ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ ነው) የሚደርስ ውፍረት ሲፈቅድ፣ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ክፍል 6 የሚባለው ከ750 እንዳይበልጥ ያዛል። የቦሽ ኢ.ኤስ.አይ 6 እና የአቴ ኤስ.ኤል 6 ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ወገናችን፣ አዲስ መኪናም ለያዘ፣ ይህ ከመፍያ ነጥቡ እኩል የሚታይ ጉዳይ ነው። አዳማ ለሚነዳ አሮጌ ሂሉክስ ግን የክፍል 6 ጽሑፍ ተጨማሪ ዋጋ እንጂ ተጨማሪ ጥቅም የለውም።

አንድ ነገር ላይ ብራንዱ በእርግጥ ይረዳል፤ እሱም የሚጠየቅ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ችግሩ ታዋቂ ስም የሐሰተኛ አስመሳዮችንም ዓይን መሳቡ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ ሲገዛ ከስሙ ይልቅ ዕቃውን መመርመር ይበጃል። ከክዳኑ ሥር ያለው ማኅተም ያልተነካ መሆን አለበት፤ የታሸገበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር፣ የአሻጊው ስም፣ ደረጃውና እርጥቡ የመፍያ ነጥብ መታተም አለባቸው። እነዚህን የአሜሪካው ደንብ ያስገድዳል፤ የደንቡን ስም አትሞ ቁጥሮቹን የዘለለ ጠርሙስ ራሱን ያጋልጣል። ቀለም ግን ብዙ አይነግርም፤ የግላይኮል ፈሳሾች ከውኃ መሳይ እስከ ማር መሳይ ይለያያሉ። አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ለአንዳንድ መኪናዎች ብቻ የተሠራ የማዕድን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መተው ነው።

ከሐሰተኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ በብዙ ጋራዦች መስኮት ላይ ክዳኑ ገርበብ ብሎ የሚቀመጠው ግማሽ ጠርሙስ ነው። ምርጥ ከሚባለው ብራንድ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ክረምት ተከፍቶ ከከረመ ግን ካልተከፈተ ርካሽ ዶት 3 ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ከመኪናው ውስጥ ይልቅ በመስኮቱ ላይ የአየሩን እርጥበት በነፃ ሲጠጣ ቆይቷል። እኔ ለመለወጥ ስሄድ አንድ ሊትር የታሸገ ይዤ እሄዳለሁ፣ እፊቴ ይከፈታል፣ የተረፈውን አላስቀምጥም። ለአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች አንድ ሊትር ሙሉ ለሙሉ ለመለወጥ ይበቃል።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ ብዙዎቹ የአውሮፓ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይላሉ፤ ሆንዳ በየ3 ዓመቱ ይላል፤ የተነዳው ኪሎ ሜትር እምብዛም አይጠየቅም፣ ውኃው መኪናው ቆሞም ይገባልና። ይህ በአሁኑ ጊዜ በብዛት እየገቡ ያሉትን የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ይመለከታል። እነዚህ መኪናዎች አብዛኛውን ፍጥነት በሞተራቸው አማካይነት ወደ ባትሪ ስለሚመልሱ ሸራቸው ብዙ ይቆያል፤ ፈሳሹ ግን እንደማንኛውም ይደክማል። ባትሪው ጢም ብሎ ከተሞላ በኋላ ቁልቁለት ቢጀመር ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለማይኖረው ሥራው ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል፤ ከእንጦጦ ግርጌ ሳይሆን ከእንጦጦ ጫፍ ላይ ሞልቶ የሚነሣ ሰው ይህን ያገኘዋል።

በመጨረሻም መጨመርና መለወጥ አንድ አይደሉም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የፈሳሹ ከፍታ በወራት ውስጥ ጥቂት ከወረደ ብዙ ጊዜ ሸራው እያለቀ መሆኑን ያሳያል፤ አዲስ ሸራ ሲገባ ከፍታው ይመለሳል፣ ቀድሞ የተጨመረው ግን ሞልቶ ይፈስሳል፣ የፈሰሰበትን ቀለምም ይልጣል፤ ቶሎ በውኃ መታጠብ አለበት። በቀናት ውስጥ ከወረደ መፍሰሻ አለ፤ ቀዳዳው ሳይገኝ የሚጨመር ፈሳሽ ከየትኛውም ብራንድ ቢሆን መሬት ላይ የሚቀር ነው። ለውጥ ማለት ደግሞ አሮጌው በአራቱም ጎማዎች በኩል ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ድረስ አየር ሳይገባ መግፋት ነው። መካኒኩ ከማጠራቀሚያው ብቻ በመርፌ ስቦ አዲስ ቢሞላ ከላይ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ የሚፈላው ግን ጎማው ዘንድ ያለው አሮጌው ነው።